የአካባቢ የእሁድ ጋዜጣ፦ ደስታው ሲጠፋ አብሮት የሚሄደው

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 እሁድ ነበር። በአሜሪካ የኒው ጀርዚ ግዛት ዋና ጋዜጣ ሆኖ የኖረው ስታር ሌጀር የመጨረሻውን የወረቀት ዕትሙን ያወጣው በዚያ ዕለት ነው። ዘገባው በኢንተርኔት ቀጠለ፤ ወረቀቱ ግን አበቃ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ደግሞ የአትላንታው ጆርናል ኮንስቲቲውሽን ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ እንደማይታተም አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር ይነሣል። አንደኛው ወገን «ዜናው ስልክ ላይ አለ፤ የቀረው ወረቀቱ ነው» ይላል። ሌላው ወገን «ዴሞክራሲ አደጋ ላይ ወደቀ» ሲል ያስጠነቅቃል። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ። ሳምንቱን ሙሉ ዜና በስልኩ ሲከታተል የሰነበተ ሰው እሁድ ጠዋት የአካባቢውን ጋዜጣ ሲያጣ ለምን ቅር ይለዋል? መረጃውንማ አላጣም። ታዲያ ምን ጎደለው?

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። የእሁድ ጋዜጣን የማንበብ ደስታ ከጋዜጣው ቁም ነገር ተነጥሎ እንደ ትርፍ ምቾት ሲታይ ቆይቷል። በእርግጥ ግን ሰው ፈልጎ የማያነባቸውን ጉዳዮች፣ የከተማ ምክር ቤት ውሎን፣ የትምህርት ቤት በጀትን፣ የውሃ ክፍያ ለውጥን፣ ዐይኑ ሥር የሚያደርስለት መንገድ ያ ደስታ ነበር። የዘገባውንም ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍነው እሱው ነበር። ስለዚህ ደስታው ሲጠፋ የሚከተለው ነገር ከስሜት ጉዳይ ይሰፋል።

ጋዜጣ ለ17 ቀናት የጠፋባት ከተማ

ሰው ከጋዜጣ ምን እንደሚያገኝ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው አጋጣሚ ጋዜጣው በድንገት የታጣበት ጊዜ ነው። በ1945 ጁን መጨረሻ ላይ የኒው ዮርክ ከተማ ጋዜጣ አከፋፋዮች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ትልልቆቹ የከተማዋ ጋዜጦች ለ17 ቀናት ከአንባቢ እጅ ራቁ። ማተሚያ ቤቶቹ ሥራ አላቆሙም ነበርና ሕዝቡ በየጋዜጣው ሕንፃ ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ይዞ በገዛ እጁ መግዛት ጀመረ።

በዚያን ጊዜ በርናርድ ቤረልሰን የተባለ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 60 የሚሆኑ የማንሃተን ነዋሪዎችን በጥልቀት አነጋገረ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ምን ጎደላችሁ? የመጀመሪያው መልስ የሚጠበቀው ዓይነት ሆነ። ሰዎቹ ዓለም እንዴት እንደዋለ ማወቅ እንደናፈቁ፣ ጋዜጣ ለአንድ ዜጋ አስፈላጊ እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ጠለቅ አድርገው «በተለይ የትኛው ጉዳይ ተቋረጠባችሁ?» ብለው ሲጠይቁ አብዛኞቹ ይህ ነው ብለው የሚጠቅሱት ከባድ ዜና አልነበራቸውም።

የናፈቃቸው ሌላ ነበር። የዕለቱ ውሎ ከጋዜጣው ጋር ተሳስሮ ስለነበር በዚያ ሰዓት እጃቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። ከሰው ጋር ሲጨዋወቱ የሚያነሡት ወሬ አነሳቸው። የሬዲዮ ፕሮግራም ሰዓት፣ የፊልም ማስታወቂያ፣ ዜና ዕረፍት ማየት አልቻሉም። ሌላው ቢቀር ማንበቡ ራሱ ናፈቃቸው፤ ያገኙትን ማንኛውንም የታተመ ነገር፣ አሮጌ ጋዜጣንም ጭምር፣ ያገላበጡ ነበሩ። ቤረልሰን ይህን ከሥርዓተ አምልኮ ጋር የሚቀራረብ ልማድ አድርጎ ገልጾታል።

በዚያው አድማ ወቅት ሌላም ነገር ሆነ። ሕፃናቱ የእሁዱን የካርቱን ገጽ አጥተዋልና የከተማዋ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ እሁድ እሁድ በከተማው ሬዲዮ ቀርቦ ካርቱኖቹን ድምፁን እየለዋወጠ አነበበላቸው። የከንቲባው ድርጊት እንደ ጨዋታ ሲወራ ኖሯል፤ ሆኖም ቤረልሰን ከነገረን ጋር አብሮ ሲታይ ከባድ ትርጉም አለው። በጦርነት ማብቂያ ዋዜማ የምትገኝ የአንዲት ታላቅ ከተማ አስተዳዳሪ ለሕዝቡ በአስቸኳይ መተካት ያለበት ብሎ ከለያቸው ነገሮች አንዱ የእሁድ ካርቱን ነበር።

እሁድ ለምን ተለየ?

የእሁድ ጋዜጣ ሲወለድ ተቀባይነት አልነበረውም። ዛሬም በሕይወት ካሉት የእሁድ ጋዜጦች ሁሉ አንጋፋው የለንደኑ ኦብዘርቨር ነው፤ መታተም የጀመረው በ1791 ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል፣ በብሪታንያም በአሜሪካም፣ ሰንበትን በንግድና በወሬ መሻር ኃጢአት ነው የሚሉ ሃይማኖተኞች አጥብቀው ይቃወሙት ነበር። በ1899 ሁለት የለንደን ዕለታዊ ጋዜጦች የእሁድ ዕትም ጀምረው ከሕዝብ በመጣባቸው ተቃውሞ በሳምንታት ውስጥ ለማቋረጥ ተገደዋል። አሳታሚዎች ሲከራከሩ የሚያነሡት ነጥብ ትክክል ነበር። የእሁድ ጋዜጣ የሚሠራው ቅዳሜ ነው፤ እሁድ ሠራተኛን የሚያሠራው የሰኞ ጋዜጣ ነው። ተቃዋሚዎቹን ያሳሰባቸው ግን የሠራተኛው ድካም ሳይሆን የአንባቢው ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ ስለነበር ክርክሩ ሰሚ አላገኘም።

ነገሩን የቀየረው ጊዜ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው ለማንበብ ሰፊ ሰዓት የሚያገኘው በአንድ ቀን ነበር። አሳታሚዎች ይህን ሲያዩ ለዚያ ቀን የሚሆን የተለየ ጋዜጣ ሠሩ። በ1890ዎቹ የጆሴፍ ፑሊትዘር ኒው ዮርክ ወርልድ ባለ ቀለም የካርቱን ገጾችን በእሁድ ዕትሙ አስለመደ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ የተወለደውም በዚያው ጋዜጣ ነው፤ አርተር ዊን የተባለው አዘጋጅ ዲሴምበር 21 ቀን 1913፣ እሁድ በወጣው የመዝናኛ ተጨማሪ ገጽ ላይ የመጀመሪያውን አወጣ።

ከአሠራር አንጻር የእሁድ ዕትም ሁለት ጋዜጣ በአንድ ነው። መጽሔቱ፣ የካርቱን ገጹ፣ የመጻሕፍትና የጉዞ አምዱ፣ በመሐል የሚገቡት የማስታወቂያ ወረቀቶች ከቀናት በፊት ታትመው ይቀመጣሉ። የዜናው ክፍል ግን ቅዳሜ ሌሊት ታትሞ በላያቸው ይታጠፋል። ረጅም የምርመራ ዘገባዎች ለእሁድ የሚቆዩትም ለዚሁ ነው፦ ቦታም አለ፣ አንባቢውም አይቸኩልም። ውፍረቱ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ለመገመት ያህል፣ ሴፕቴምበር 1987 ላይ የወጣ አንድ የኒው ዮርክ ታይምስ የእሁድ ዕትም 1,612 ገጽ ኖሮት ከአምስት ኪሎ በላይ መዝኗል።

በሁሉም አገር ቀኑ እሁድ አይደለም። በጀርመን አብዛኞቹ የአካባቢ ጋዜጦች ወፍራሙን የሳምንት መጨረሻ ዕትም የሚያወጡት ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከቀኑ ስም ይልቅ ከሥራ ዐርፎ ከመቀመጥ ጋር የተያያዘ ነው።

ደስታው ከምን ተሠራ?

የመጀመሪያው ነገር ማለቁ ነው። ጋዜጣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። የመጨረሻውን ገጽ አጥፎ ያስቀመጠ ሰው ጨረስኩ ሊል ይችላል። የስልክ ዜና አይጨረስም፤ በጣት በተገፋ ቁጥር ከታች ሌላ ይመጣል። ማኅበራዊ ሚዲያው የትኛው ጽሑፍ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው በአልጎሪዝም ነው። አልጎሪዝም ማለት የተጠቃሚውን የቀድሞ ምርጫ እየተከተለ ቀጣዩን የሚመርጥ የኮምፒውተር የቀመር ቅደም ተከተል ነው፤ እንዲህ ያለው አሠራር የተጠቃሚውን ቆይታ ለማርዘም የተበጀ ስለሆነ ማብቂያ ቢኖረው ራሱን ይቃረናል። እሁድን የሚያስናፍቀው ዕረፍት ከፊሉ ይህ ይመስለኛል፦ የሚበቃውን ሌላ ሰው ቆርጦ ያቀረበለት አንባቢ ራሱን መግታት አይጠበቅበትም።

ሁለተኛው፣ ያልፈለጉትን ማግኘት ነው። የስፖርት ገጹን ለማየት ጋዜጣ የሚዘረጋ ሰው በመንገዱ ላይ ስለ ድልድይ ጥገና የተጻፈ ርዕስ ያያል። ምናልባት አያነበውም። ምናልባት ሁለት አንቀጽ ያነባል። ያም ሆነ ይህ ድልድዩ እንደሚጠገን፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ የሚከራከሩ ሰዎች እንዳሉ ያውቃል። የፍለጋ ሣጥን ይህን አይሰጥም፤ ሰው የሚፈልገው መኖሩን የሚያውቀውን ነገር ነውና።

ሦስተኛው የታወቀ ስም ነው። ለአገር አቀፍ ጋዜጣ ዋጋ የሌለው ነገር ለአካባቢ ጋዜጣ ሕይወቱ ነው። በአሥራ አምስት ዓመት በታች ውድድር ጎል ያገባች ልጅ ስም፣ ከአርባ ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የትዳር ማስታወቂያ፣ ዜና ዕረፍት። በተለይ ዜና ዕረፍት ብዙ አንባቢ አለው። እንደ ጨለማ ፍላጎት መታየቱ ስሕተት ነው፤ በአንድ አካባቢ የኖረ ሰው ሕይወት ተጠቃልሎ፣ ቀኑና ሥራው ተጽፎ የሚገኝበት ሌላ ሕዝባዊ ቦታ እምብዛም የለም። ከንቲባ ላልሆነና ባለሀብት ላልነበረ ሰው ስሙ በጋዜጣ የሚወጣው ምናልባት ሁለትና ሦስት ጊዜ ነው። ከእነዚህ አንዱን ቤተሰቡ ቆርጦ ያስቀምጠዋል።

አራተኛው አብሮ ማንበብ ነው። ወፍራም ጋዜጣ ይከፋፈላል፤ አንዱ ስፖርቱን፣ ሌላው መጽሔቱን፣ ሕፃኑ ካርቱኑን ይወስዳል። ጎረቤት ያነበበውን ጎረቤት እንዳነበበው ይታወቃል። በዚህ የተነሣ ሰኞ ጠዋት የሚነሣ ወሬ የጋራ መነሻ አለው። ስልክ ላይ ሁለት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች የሚያዩት ሁለት የተለያየ ዓለም ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ራሱስ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። በ2018 የወጣ፣ 54 ጥናቶችንና ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ የመረመረ የጥናቶች ጥናት መረጃ ሰጪ ጽሑፍ በወረቀት ሲነበብ ከስክሪን በተሻለ እንደሚጨበጥ፣ በተለይም አንባቢው በጊዜ ሲጣደፍ ልዩነቱ እንደሚጎላ አሳይቷል። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፤ ጥናቶቹም ስለ እሁድ ጋዜጣ የተደረጉ አይደሉም። የእሁድ ጋዜጣን ደስታ በወረቀት ጠረንና በቀለም ብቻ ማስረዳት ብዙ አያስኬድም። ከላይ ከተቆጠሩት አራቱ ውስጥ አንዱም ያለ ወረቀት የማይሆን አይደለም፤ በወረቀት ግን ሁሉም በአንድ ላይ ያለ ብዙ ጥረት ይገኙ ነበር።

መስቀለኛ ቃላት የምክር ቤቱን ዘጋቢ ሲያኖር

የአካባቢ ጋዜጣ ኢኮኖሚ በጥቅል የሚሸጥ ዕቃ ኢኮኖሚ ነበር። በከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ አራት ሰዓት ተቀምጦ ማስታወሻ የሚይዝ ጋዜጠኛ ደመወዝ አለው። የጻፈው ዘገባ ለብቻው ለሽያጭ ቢቀርብ ደመወዙን የሚሸፍን ገዢ አይኖረውም። በጥቅሉ ውስጥ ግን ቤት ተከራይ የሚፈልገውን፣ ሥራ ፈላጊውን፣ የኳስ ወዳጁንና መስቀለኛ ቃላት የሚሞላውን የሚስብ ገጽ አለ። ሁሉም አንድ ጋዜጣ ይገዛሉ፤ ነጋዴውም እነሱ ስላሉ ማስታወቂያ ያወጣል።

ከገቢዎቹ ሁሉ ትልቁ ሲሳይ የጥቃቅን ማስታወቂያ ገጽ ነበር፤ በመስመር እየተቆጠረ የሚከፈልበት የሥራ፣ የኪራይና ያገለገለ መኪና ማስታወቂያ ማለት ነው። በ2000 የአሜሪካ ጋዜጦች ከዚህ ብቻ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ አግኝተዋል፤ ከጠቅላላ የማስታወቂያ ገቢያቸው 40 በመቶ ያህል ነው። የእሁዱ ዕትም የሥራ ማስታወቂያ ክፍል ሥራ ፈላጊ ሁሉ የሚጠብቀው ነበር።

በ1995 በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረው ክሬግስሊስት የተባለው ድረ ገጽ ያንኑ አገልግሎት በአብዛኛው በነጻ አቀረበ። ሌሎችም ተከተሉት። ለሕዝቡ ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። አንድ ክፍል ለማከራየት ለጋዜጣ መክፈል የቀረለት ሰው ምንም አልተበደለም። የጥቅሉ ውል ግን ፈረሰ። ከዚያ ጉግልና ፌስቡክ የቀረውን የማስታወቂያ ገንዘብ ወሰዱ። የአሜሪካ ጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ በ2005 ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፤ በ2020 ከ10 ቢሊዮን በታች ወርዷል።

በሕዝብ ንግግር ውስጥ የሚደጋገመው ማብራሪያ «ሰው ማንበብ ተወ» የሚል ነው። ቁጥሮቹ የሚያሳዩት ቅደም ተከተል ከዚህ ይለያል። አንባቢ የቀነሰው ቀስ እያለ ነው፤ ማስታወቂያው ግን ተንዶ ወረደ። ገንዘቡ ሲጎድል ገጽ ተቀነሰ፣ ጋዜጠኛ ተሰናበተ፣ ጋዜጣው ሳሳ፤ ጋዜጣው ሲሳሳ ደግሞ አንባቢው የሚያገኘው ደስታ ስለቀነሰ ሄደ። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ክትትል መሠረት ከ2005 ወዲህ በአሜሪካ ከ3,200 በላይ ጋዜጦች ተዘግተዋል፤ ከነበሩት ከሢሶ በላይ ማለት ነው። ምንም የአካባቢ የዜና ምንጭ የሌላቸው ከ200 በላይ ወረዳዎች «የዜና በረሃ» ይባላሉ፤ ቃሉ ውሃ እንጂ አሸዋ የጠፋበትን ቦታ አያመለክትምና ልክ ነው፦ ወሬ ሞልቷል፤ የተጣራ ዜና ግን የለም።

ቅዳሜ የሚደርስ የእሁድ ጋዜጣ

ጋዜጣው ሳይዘጋም ደስታው ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህኛው መንገድ የሚነገረው ጥቂት ነው።

ወጪ ለመቀነስ ብዙ አሳታሚዎች የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ዘግተው ሥራውን ሩቅ ከተማ ላለ ማተሚያ ሰጡ። ሩቅ የሚታተም ጋዜጣ ቶሎ ወደ ማተሚያ መግባት አለበት፤ በዚህም የተነሣ ቅዳሜ ማታ የተደረገ ጨዋታ ውጤት እሁድ ላይ አይወጣም። ቀጥሎ በሌሊት በየቤቱ የሚያደርሱ አከፋፋዮችን መቅጠር ከበደ፤ በአሜሪካ ብዙ ጋዜጦች በፖስታ መላክ ጀመሩ። ፖስታ ቤት መደበኛ ደብዳቤ እሁድ አያድልም። ስለዚህ የእሁድ ጋዜጣ ቅዳሜ ይደርሳል፤ የአርብ ዜና ይዞ።

በዚህ ላይ የባለቤትነት ለውጥ አለ። ባለፉት ሃያ ዓመታት በርካታ የአካባቢ ጋዜጦች በኢንቨስትመንት ፈንዶች እጅ ገብተዋል፤ እነዚህ የብዙ ባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስበው ትርፍ ፍለጋ የሚያሽከረክሩ ድርጅቶች ናቸው። በ2021 አልደን ግሎባል ካፒታል የቺካጎ ትሪቢዩንንና ሌሎች ታላላቅ የከተማ ጋዜጦችን የያዘውን ትሪቢዩን ፐብሊሺንግን ጠቅልሎ ገዛ፤ ወዲያውም ጋዜጠኞች በፈቃዳቸው ካሣ ተቀብለው እንዲለቁ የሚጋብዝ ዕቅድ ቀረበ። ባለቤቶቹ የሚሰጡት መልስ አለ፦ እየሰመጠ ያለ ንግድ ወጪው ካልተቀነሰ ጨርሶ ይሰምጣል። መልሱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም የሚቀነሰው በሙሉ አንባቢውን ይስበው ከነበረው ክፍል ሲሆን፣ የአካባቢው ስም በርዕሱ ላይ ቀርቶ ውስጡ በሌላ ከተማ በተዘጋጀ የጋራ ገጽ ሲሞላ፣ የተረፈው ነገር የአካባቢ ጋዜጣ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ማንም የማያነበው ስብሰባ

በካሊፎርኒያ ቤል የምትባል፣ ነዋሪዎቿ ከ40,000 የማይበልጡ፣ ብዙዎቹም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አነስተኛ ከተማ አለች። በ2005 የተካሄደና ከተማዋ የራሷ ቻርተር፣ ማለትም የራሷ መተዳደሪያ ሕግ፣ እንዲኖራት የሚጠይቅ ምርጫ ነበር። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ 400 አልሞላም። ውሳኔው ግን የምክር ቤት አባላትን ደመወዝ ከግዛቱ ሕግ ገደብ ውጭ አደረገው። በ2010 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጠኞች ለሌላ ጉዳይ ሲከታተሉ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ በዓመት ወደ 800,000 ዶላር የሚጠጋ ደመወዝ እንደሚያገኝ ደረሱበት። ጋዜጣው በዚህ ዘገባ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ ሥራ አስኪያጁ በኋላ የ12 ዓመት እስር ተፈረደበት። ሽልማቱ ሲወሳ የሚረሳው በመሐል ያለፉት ዓመታት ናቸው። ስብሰባው ዝግ አልነበረም፤ ወንበር ይዞ የሚጽፍ ግን አልነበረም።

ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። ሲንሲናቲ ፖስት የተባለው ጋዜጣ በ2007 የመጨረሻ ቀን ሲዘጋ በሚዘግብላቸው የኬንተኪ መንደሮች ለምርጫ የሚወዳደሩ ሰዎች ቁጥር ቀነሰ፤ በሥልጣን ላይ ያሉት የመመረጥ ዕድላቸው ጨመረ። ጥናቱ ያረፈው በጥቂት ቦታዎች ላይ ስለሆነ ድምዳሜውን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ከዚያ የሰፋ ሌላ ጥናት የአካባቢ አስተዳደሮች በቦንድ፣ ማለትም ከሕዝብና ከባለሀብት በሚወስዱት ብድር፣ ላይ የሚከፍሉት ወለድ ጋዜጣ ከተዘጋ በኋላ ከመቶ በ0.05 እስከ 0.11 እንደሚጨምር አሳይቷል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል፤ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ብድር ላይ ለብዙ ዓመት ሲታሰብ ግን የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። አበዳሪው የሚያየው የለም ብሎ ሲፈራ ዋጋ ይጨምራል።

ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው ግን በፓልም ስፕሪንግስ የተደረገው ነው። ዴዘርት ሰን የተባለው የከተማው ጋዜጣ በጁላይ 2019 ለአንድ ወር የአገር አቀፍ ፖለቲካን ከአስተያየት ገጹ አስወጣ። ስለ ፕሬዚዳንቱ የሚጽፍ ሁሉ ቦታ አላገኘም፤ ስለ መንገድ፣ ስለ ቤቶች ግንባታ፣ ስለ አካባቢው ባህል የጻፈ ግን አገኘ። ተመራማሪዎች ከሌላ ተመሳሳይ አካባቢ ጋር ሲያወዳድሩት በአንባቢዎቹ መካከል ያለው የፖለቲካ ጎራ መራራቅ መጠኑ ረገብ ብሎ ተገኘ። ሰዎች የሚከራከሩበት ነገር አብረው የሚጠቀሙበት መንገድ ሲሆን ክርክሩ ይለዝባል።

«ይህ ሁሉ ትዝታ ነው» የሚለው ክርክር

ተቃራኒው አስተያየት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ብዙ ከተማ ለአሥርት ዓመታት የነበረው አንድ ጋዜጣ ብቻ ነበር፤ የማን ስም እንደሚወጣ የሚወስኑትም ጥቂት አዘጋጆች። የካንሳስ ሲቲ ስታር ጋዜጣ ዲሴምበር 2020 ላይ የራሱን መዝገብ ከመረመረ በኋላ የከተማዋን ጥቁር ነዋሪዎች ለትውልዶች ችላ ማለቱን፣ ሲዘግብም በአብዛኛው ከወንጀል ጋር አያይዞ መዘገቡን አምኖ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። እንግዲህ «የጋራ ገጽ» ሲባል የማን የጋራ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። ስሙ በዜና ዕረፍት ገጽ ላይ ያልወጣ ሰው ስለ እሁድ ጋዜጣ ናፍቆት ቢነገረው ቢገረም አይፈረድበትም። ስልኩም በበኩሉ ማንም ሳይፈቅድለት የሚናገር ብዙ ሰው አፍርቷል፤ የሰፈር ችግርን በቪዲዮ ቀርጾ በደቂቃ ማሳየት ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔ ክርክሩን የምቀበለው እስከዚህ ድረስ ነው። የቀድሞው ጋዜጣ ማንን እንደዘለለ ማወቅ ወደፊት የሚሠራው ማንን መያዝ እንዳለበት ይነግራል። ጋዜጣው ባይኖርም ግድ የለም ወደሚል ድምዳሜ ግን አያደርስም። የስታርን ጥፋት ያወጣው ራሱ ስታር ነው፤ ያወጣውም የታተመ መዝገብ ስለነበረው ነው። ስሕተቱ የሚታረምበት ገጽ፣ ስሙን ፈርሞ ኃላፊነት የሚወስድ አዘጋጅ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታይ ዕትም ነበረው። በሰፈር የመልእክት ቡድን ውስጥ የተሰራጨ ሐሰተኛ ወሬ ከእነዚህ አንዱም የለውም።

የተያዙት ሙከራዎች

በአርካንሳስ ግዛት የሚታተመው ዴሞክራት ጋዜት በ2018 እና 2019 ለደንበኞቹ አይፓድ እየሰጠ፣ አጠቃቀሙንም በአካል እያሠለጠነ፣ የሰኞ እስከ ቅዳሜውን ዕትም ሙሉ በሙሉ ወደ ስክሪን አዛወረ። ወረቀት ሆኖ የቀረው የእሁዱ ብቻ ነው። በዩታ የሚገኘው ሶልት ሌክ ትሪቢዩን በ2019 ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ሆኖ በ2020 መጨረሻ ዕለታዊ ኅትመቱን ሲያቆም የሳምንት መጨረሻውን ዕትም ግን በወረቀት አቆየ። ሁለቱም ስድስቱን ቀን ሠውተው አንዱን ያተረፉት በሒሳብ ነው፤ ማስታወቂያ ነጋዴውም አንባቢውም ገና ያልለቀቁት ቀን እሱ ስለሆነ።

የሞንትሪያሉ ላ ፕሬስ ሌላ መንገድ ያዘ። በ2013 በየማለዳው አንድ ጊዜ የሚወርድ፣ ገጽ በገጽ የተሰናዳና የሚያልቅ የታብሌት ዕትም ጀመረ። በ2015 መጨረሻ የሥራ ቀናት ወረቀቱን፣ በ2017 መጨረሻ ደግሞ የቅዳሜውን አቆመ፤ በ2018 ለትርፍ ወደማይሠራ ተቋም ተዛወረ። በወረቀት የለም፤ እየሠራ ግን ነው። በእንግሊዝ ማንቸስተር በ2020 የተጀመረው ዘ ሚል ደግሞ ከነጭራሹ ወረቀት ሳይኖረው በኢሜይል የሚላክ ጋዜጣ ነው፤ ደንበኛ የሚያፈራው በሳምንቱ መጨረሻ በሚልከው አንድ ረጅም፣ ተደክሞበት በተጻፈ የከተማው ታሪክ ነው።

እነዚህ ሁለት ሙከራዎች ከወረቀቱ ይልቅ ዕትሙን ማዳን እንደሚቻል ይጠቁማሉ። ዕትም ስንል በታወቀ ሰዓት የሚደርስ፣ ሰው መርጦ የሰደረው፣ የሚያልቅ ነገር ማለታችን ነው። ያልተፈታው ግን አብሮ የማንበቡ ጉዳይ ነው። ኢሜይል የሚገባው በአንድ ሰው ስልክ ነው። የአርባ ዓመት እናት የእሁዱን ዘገባ አንብባ ስትጨርስ ስልኳ ይጠቁራል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጇ በአጠገቧ ተቀምጦ የነበረ ቢሆንም ምን ስታነብ እንደቆየች የሚያይበት የተዘረጋ ገጽ፣ አንሥቶ የሚወስደው የካርቱን ክፍል የለም።